የባል እግር

ቅዳሜ፣ ጥር 16፣ ባሕር ዳር

ዛሬም ጣና ዳር ፊልሙን ስንቀርጽ ዋልን። የምጫወታት ወይዘሮ የጎንደር ዘመን ባለርስት ናት፤ ባሏን ብትጠላ ርስቷን ይዛ የምትፈታ። ፊልሙ ላይ ግን ሥራዋ የባሏን እግር ማጠብ ብቻ ነው። ወገቤ እስኪቆረጥ አጠብሁ።

«ርስቷስ የት ገባ?» ብዬ ዳይሬክተሩን ጠየቅሁት።

«እሱን ተይውና አንገትሽን ድፊ። ያሁን ዘመን ሴቶች አይተው ይማሩ!» አለኝ።

የድሮዋን ሴት ታሪክ የምንሠራ መስሎኝ ነበር። ለካ በእሷ አሳበው የሚገሥጹት እኛን ነው።

ቤት ገብቼ ይህንኑ እየተብከነከንሁ ለባሌ ነገርሁት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ጫማውን አውልቆ እግሩን ዘረጋልኝ።

«ልምምድ አያስፈልግሽም?» አለ።

ቀልዱን ነው ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።