ታናሽሽ ብየዳ ቤት ዋለች

ልጄ ሆይ፣ ካለሽበት ክፉ አይድረስብሽ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽ ወገብ ደክሟል፣ ምላሱ ግን አልደከመም።

“ሙያ ከመምረጧ በፊት ሥራውን በዓይኗ ትየው” ብለሽ ስለመከርሽኝ ተባረኪ። ታናሽ እህትሽ ጎረቤታችን ብየዳ ቤት ሦስት ቀን ዋለች። “እማዬ፣ የበሩን ማጠፊያ ራሴ በየድኩት!” ስትል ፊቷ በራ። እኔንማ በእሷ ዕድሜ ምን ትወጃለሽ ያለኝ የለም፤ ዳሩኝና ተገላገሉኝ።

አባትሽ ግን “ሴት ልጅ ብረት ስታቀልጥ ሰው ምን ይለናል?” ብሎ የትምህርት ቤቱን የሙያ መምረጫ ቅጽ “በሒሳብ ሥራ ካልሞላሽ አልፈርምም” አላት። ቅጹ ዓርብ ይመለሳል። እባክሽ ቀድመሽ ደውዪለት፤ የሩቅ ልጅ ቃል ይሰማል።

እምቢ ካለ እኔ እፈርማለሁ። ቅጹ “የወላጅ ፊርማ” እንጂ “የአባት” አይልም፤ ራሴ አንብቤዋለሁ።

ያሰብሽው ይሙላልሽ።

እናትሽ