ከሰማይ መጥቶ በቀበሌያችን ስለተመዘገበው እንግዳ

ለተከበሩ ጓድ ዶክተር ንዋይ ወልደአማኑኤል
የከባቢ አየርና የጠፈር ምርምር ጣቢያ ኃላፊ
ከከተማችን በላይ፣ ኮረብታው ላይ

ግልባጭ፦ በማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ለሚያልፍ ሁሉ

ናዝሬት፣ ግንቦት ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.

ክቡር ጓድ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን፣ የቤተሰብዎንና የመሣሪያዎችዎን ደኅንነት እጠይቃለሁ። እርስዎ ከኮረብታው ላይ ሆነው ወደ ላይ ሲመለከቱ፣ እኛ ደግሞ ከታች ሆነን ወደ እርስዎ ስለምንመለከት፣ ደኅና መሆንዎን ከሩቅም ቢሆን እናያለን፤ ለዚህም ለሚያምን አምላኩ፣ ለማያምን የሰፊው ሕዝብ ትግል የተመሰገነ ይሁን። እኔ ዕድሜዬን ጂኦግራፊ በማስተማር የጨረስኩ፣ የደመና ዓይነቶችን በቃል እያስጠናሁ ስንቱን ልጅ ያሰለቸሁ ጡረተኛ ነኝ። ጣቢያዎ ሲመረቅ ካጨበጨቡት አንዱ ነበርኩ፤ መዳፌ እስከ ዛሬ አልጸጸተውም፤ የቀረው አካሌ ግን የሚከተለውን በትሕትና ለማቅረብ ተገዷል።

፩ኛ. በመጀመሪያ ስለ ሳጥኑ አመሰግናለሁ። ባለፈው ወር ጎረቤቴ ባለጋሪው አቶ ቀነዓ ፈረሱን ሊጠምድ ሲሰናዳ፣ ከቀይ ጨርቅ ጃንጥላና ከተቀዳደደ የፊኛ ላስቲክ ጋር የታሰረ አንድ ነጭ ሳጥን ከሰማይ ወርዶ፣ ፈረሱ ጭድ ከሚበላበት በርሜል አጠገብ አረፈ። የበልጉ ዝናብ እንደቀረ ከመልካሳ እስከ ሞጆ ያለ ገበሬ ሁሉ ያውቃልና፣ ዘንድሮ ከሰማይ የወረደልን ነገር ቢኖር ይኸው ሳጥን ብቻ ነው። ጣቢያዎ ምንም አላወረደም የሚሉትን ሐሜተኞች በዚህ አጋጣሚ አፋቸውን ማስያዝ እወዳለሁ።

፪ኛ. ቀጥሎ ስለ አቶ ቀነዓ ሕግ አክባሪነት ሊነገርዎ ይገባል። እንደሚያውቁት፣ በቤቱ እንግዳ ያረፈበት ሰው ሁሉ እንግዳውን በዕለቱ ለቀበሌው ማስመዝገብ አለበት። አቶ ቀነዓ ዓምና የሚስቱ እህት ከሞጆ መጥታ ምዝገባዋን አንድ ቀን ቢያዘገይ፣ የቀበሌውን ሽንት ቤት ጉድጓድ ብቻውን እንዲቆፍር ተደርጎ ነበርና፣ ዘንድሮ ትምህርቱን ይዞ ሳጥኑን ጋሪው ላይ አስቀምጦ፣ እንዳይወድቅም በገመድ አስሮ፣ እንደ ክቡር ተሳፋሪ በቀጥታ ቀበሌ አደረሰው። የመዝገብ ሠራተኛዋ ወይዘሪት ተሻለች እንደ ደንቡ የእንግዳውን ስም፣ የመጣበትን ሥፍራና የሚቆይበትን ጊዜ ጠየቀችው፤ እርሱም ስሙን እንዳልነገረው፣ የመጣው ግን ከሰማይ እንደሆነ በእውነት መለሰ። የይለፍ ወረቀት ይዟል ወይ ስትለው ደግሞ፣ «አንቺ ልጅ፣ በመጣበት መንገድ ኬላ የለም!» ማለቱን ወረፋ ይጠብቅ የነበረ ሁሉ ሰምቶ ስቋል። ያልሳቁት ሊቀመንበራችን ጓድ ፈዬራ ብቻ ናቸው። እርሳቸው ጆሯቸውን ሳጥኑ ላይ አስደግፈው ካዳመጡ በኋላ፣ በውስጡ የሚያስተላልፍ ራዲዮ እንዳለና ይህም የኢምፔሪያሊዝም ሥራ እንደሆነ አስታወቁ። ስለዚህ የይለፍ ወረቀት ያልነበረው እንግዳው ሲሆን፣ በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ የታሰረው ግን አስተናጋጁ ሆነ።

፫ኛ. እዚህ ላይ የእርስዎ ውለታ ይመጣል። የቀበሌው ሰዎች ሳጥኑ የጣቢያው እንደሆነ ለማጣራት ስልክ ሲደውሉልዎ፣ አየር ለመለካት የምትለቋቸው ፊኛዎች ሁሉ ከመተሐራ ባሻገር በሰላም እንዳረፉና አንድም የጎደለ ዕቃ እንደሌለ መልሰዋል። ችግርዎ ይገባኛል። ፊኛዋ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ወደ ላይ መምጠቋና ከመተሐራ ማዶ ማረፏ በራዲዮ ተነግሯል፤ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓልም እየተቃረበ ነው። አሁን ፊኛዋ ገና ሳትርቅ ፈንድታ፣ ከጣቢያው በር በእግር ከሚደረስበት የባለጋሪ ግቢ ወደቀች ቢባል፣ የተጨበጨበው ጭብጨባ ወዴት ይመለሳል? ፊኛን ከሠላሳ ኪሎ ሜትር ከማውረድ አንድ ባለጋሪ ማሰር እንደሚቀል፣ ሳይንስ ያልተማርነውም እንረዳለን።

፬ኛ. የአቶ ቀነዓ ባለቤት ወይዘሮ ሎሚ ኮረብታው ድረስ ወጥታ እንደነበር ምናልባት ዘበኛዎ አልነገሩዎትም ይሆናል። ከበሩ ሲመልሷት፣ «ባሌ ላንጋኖን እንኳ አይቶ አያውቅም፤ ሰማይ ላይ ምን ብሎ ይሰልላል?» ብላ ጠይቃ ነበር። ጥያቄው ከባቢ አየርን የሚመለከት ስለሆነ ለሚመለከተው ክፍል እንዲመሩላት እለምናለሁ።

ፈረሱን በሚመለከት፣ ቤተሰቡ እንዳይራብ ብዬ ጋሪውን እኔው መንዳት ጀምሬያለሁ። ይሁንና ፈረሱ ተሳፋሪው ወዴትም ቢል፣ እኔም ልጓሙን ወዴትም ብስብ፣ ጌታው ከታሰረበት አዳራሽ በር ሄዶ ይቆማል፤ ተሳፋሪዎቼም እየተሳደቡ ከዚያ ይወርዳሉ። የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ የታወቀ፣ ያረፈበትንም የማይክድ መሣሪያ በዚህ ከተማ ቢፈለግ፣ እስካሁን ያገኘሁት እርሱን ብቻ ነው።

ክቡር ጓድ ሆይ፣ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ አቶ ቀነዓ የፊታችን ሰኞ ወደ አዲስ አበባ እንደሚላክ ስለተነገረን ነው። ወደዚያ የተላከ ሰው የት እንዳረፈ የሚከታተል ጣቢያ በአገራችን ገና አልተቋቋመም። የምንለምንዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ሳጥኑ የእኛ ነው።» ይህ ከበደዎ፣ ፊኛዋ ሠላሳ ኪሎ ሜትሯን ፈጽማ ስታበቃ ለጭቁኑ ሕዝብ ካላት ፍቅር የተነሣ ወደ ናዝሬት ተመለሰች ቢሉም እናምናለን፤ ከዚህ የከበደም አምነን እናውቃለን። ራዲዮውም ያንብበው፤ እኔም ቆሜ አጨበጭባለሁ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ዝምታዎና ዘወትር ወደ ላይ ስለሚመለከተው ዓይንዎ ያለኝን ምስጋና እየደጋገምኩ፣ ከእግርዎ በታች ያለው ከተማ ሁሉ ለጥ ብሎ እጅ ሲነሣዎ፣ እኔም ከነጋሪው ከአዳራሹ በር እንደቆምኩ እሰናበትዎታለሁ።

የእርስዎ ታዛዥና መሬት ለመሬት የሚሄድ አገልጋይ፣
ኃይለየሱስ ብዙነህ
የቀድሞ የጂኦግራፊ መምህር፣ የአሁን ጊዜያዊ ባለጋሪ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከፈረምኩ በኋላ፣ ዛሬ እሑድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ሁለተኛ ነጭ ሳጥን ከነቀይ ጃንጥላው በጓድ ፈዬራ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አረፈ። ጓድ ሊቀመንበሩ በፒጃማቸው እንዳሉ ወጥተው፣ «እንዳትነኩ! የጣቢያው ንብረት ነው!» ብለው ሲጮኹ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። እንግዳቸውን ግን እስካሁን አላስመዘገቡም። ሳጥኑን ይወስዱላቸው ዘንድ ስልክ እንደሚደውሉልዎ አውቃለሁና፣ ለአቶ ቀነዓ የሰጡትን መልስ ቃል ሳይቀይሩ ለእርሳቸውም እንዲሰጡልን እለምናለሁ፤ በሰኞው መኪና ላይ ከአቶ ቀነዓ ጎን አንድ ቦታ ክፍት ነው።