ለገጽ አሥራ አንድ አረንጓዴ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩ ዶክተር ወርቅአየሁ፣
«የጥም ፍጻሜ» የውኃ ዕርዳታ ድርጅት የሞያሌ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣
ሞያሌ፣ ኬንያ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና አዲሱ ፕሮጀክተርዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በምስጋና እንድጀምር ያስገደደኝ በጆሮዬ የሰማሁት አንድ ቃል ነው። የዛሬ ሰባት ሳምንት በወይዘሮ ዘርፌ ሆቴል አዳራሽ ከናይሮቢ ለመጡት እንግዶችዎ ሪፖርትዎን ባቀረቡ ዕለት፣ የጎልቦን መንደር ሽማግሌዎች ወክለው የተጋበዙት ገልገሎ ከኋላ ረድፍ ተቀምጠው ነበር። ግድግዳው ላይ የበራውን የግራፍ ክብ ትኩር ብለው አዩና አጠገባቸው ለነበረው ሰው፣ «እንዲህ ያለ አረንጓዴ ካየሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ» አሉት። ከብት አርቢ ስለ አረንጓዴ ሲመሰክር እንዲያው አይናገርም፤ ስለዚህ ቃላቸውን እንዳለ ተቀብዬ ለእርስዎ ማድረስ ግዴታዬ ሆኖ አገኘሁት። ከጎልቦ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፍቶ የኖረው አረንጓዴ በእርስዎ ገጽ አሥራ አንድ ላይ ተገኝቷልና እንኳን ደስ አለዎት።

እኔን ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል። ከአውቶቡስ መናኸሪያው፣ ከስቴጁ፣ ፊት ለፊት ያለችው፣ የከተማው ሰው «ሳይበር» የሚላት የፎቶኮፒና የኅትመት ቤት የእኔ ናት። ሪፖርትዎን በባለ ቀለም ያተምኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ቅጂ ቢጎድል ሮጬ እንዳመጣ ከበሩ አጠገብ ወንበር ተሰጥቶኝ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህች ድንበር የሰው ወረቀት ሳባዛ ስለኖርኩ፣ የሰውንም ግራፍ ሳላነብ ማሳለፍ አልሆነልኝም። ከዚህ በታች የዘረዘርኩትን እንደ ቅሬታ ሳይሆን እንደ አድናቆት እንዲያዩልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

፩ኛ፣ በሽፋኑ ላይ ስላለው ግመል። ከጉልበቱ በላይ በሣር ተውጦ ወደ ካሜራው ፈገግ ያለ የሚመስለውን ይህን ግመል በአዳራሹ ያወቀው ሰው አልነበረም። እርስዎም እንደሚገምቱት የእኛ አካባቢ ሰው የጎረቤቱን ልጅ ስም ቢረሳ እንኳ የጎረቤቱን ግመል ምልክት አይረሳም። ሲወጡ ሁለት ሰዎች የማን ሊሆን እንደሚችል ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ባለቤቱ አልተገኘም። ግመሉ ቢቀር እንኳ ሣሩ የት እንደሆነ ቢጠቁሙን በርካታ ቤተሰብ ያመሰግንዎታል።

፪ኛ፣ በገጽ ሰባት ስለቆሙት ሦስት ዘንጎች። ለአንድ ሰው በቀን የሚደርሰው ውኃ በሦስት ወር ውስጥ ከስድስት ሊትር ወደ ስድስት ሊትር ተኩል ከፍ ማለቱን የሚያሳዩ ናቸው። የመጀመሪያው ዘንግ ጣት ያህላል፤ ሦስተኛው ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። ልኩ የሚጀምረው ከዜሮ ሳይሆን ከአምስት ነጥብ ዘጠኝ መሆኑን ከጥጉ ባለችው በትንሿ ቁጥር ያወቅሁት ስላተምኳት ብቻ ነው። ግማሽ ሊትር እንደ ቤተ መንግሥት ዘበኛ ተገትሮ ሲቆም እንግዶችዎ አጨበጨቡ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ግማሽ ሊትር በዕድሜዬ እንዲህ ተከብሮ አላየሁም። ሲጠጡት ግን ያው ግማሽ ሊትር ነው።

፫ኛ፣ ስለ ገጽ አሥራ አንድ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንዲታገሡኝ ያስፈልጋል።

በዚህ ገጽ ሁለት ክቦች አሉ። በስተግራ ያለው ጎልቦ ነው፤ ከመቶ ዘጠና አራቱ ቤት «ደህና ነን» ስላለ አረንጓዴ ሆኗል። የቀረችው ስድስት በመቶ ግራጫ ስትሆን ከሥሯ «መልስ ያልሰጡ» ተብሎ ተጽፏል፤ ውኃ ፍለጋ ሄደው ቤታቸው ያልተገኙት መሆናቸው ነው። በስተቀኝ ያለው ሌላው መንደር ዳበል ነው፤ እሱ «ተቸግረናል» ያለው ቤት ስለበዛ ከግማሽ በላይ ቀይ ነው። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፤ ማንበብ ለማይችል ሰው እንኳ ግልጽ ነው፤ ጥሩ ግራፍ ደግሞ እንዲህ መሆን እንዳለበት በመጻሕፍትም ተጽፏል።

በማግሥቱ ገልገሎ ያን ገጽ በአራት አጥፈው ወደ ሱቄ መጡና፣ «ልጄ፣ ይሄ አረንጓዴ ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። እናንተ ናችሁ አልኳቸው፤ ታብሌት የያዙት ጠያቂዎች ሲመጡ ሰዉም ከብቱም ውኃውም ደህና ነው ብላችኋል አልኳቸው። ወረቀቱን ደጋግመው አገላበጡት፤ ከጀርባው ምንም አልነበረም።

«ሰላምታ ነበር እኮ» አሉ በመጨረሻ። «ገና መምጣታቸው ነበር። ሳይቀመጥ መርዶ የሚጫንበት እንግዳ አለ? ሻይ ይቀርባል፣ ይጠጣል፣ ከዚያ ነው ወሬ የሚወራው። እኔ ልነግራቸው ጉሮሮዬን ስጠርግ እነሱ ተነሡ።»

እርስዎ ወደዚህ ከመጡ ገና ዓመት ስላልሞላዎ ላስረዳ። ቦረና ሲገናኝ «ናጋ» ተባብሎ ነው የሚጀምረው፤ ሰላም ማለት ነው። ሰዉ፣ ልጁ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ አንድ በአንድ ይጠየቃል፤ ለሁሉም መልሱ ናጋ ነው። ክፉው ከዚያ በኋላ፣ በእርጋታ ይመጣል። ይህ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም፤ የእኛስ ሰው ሕመም አልጋ ላይ ጥሎት እንኳ እንደምን አደርክ ሲሉት እግዜር ይመስገን አይደል የሚለው? ጠያቂዎችዎ ግን፣ ሾፌርዎ ሱራ እንዳጫወተኝ፣ በአንድ ጠዋት ሃያ ቤት እንዲጨርሱ ታዝዘው ነበርና ሰላምታውን መዝግበው ሄዱ። ዳበል ላይ መኪናቸው ሁለት ጎማ ፈነዳበት፤ መለዋወጫው አንድ ብቻ ነበር። እስኪመሽ ተቀመጡ፤ ሻይ ቀረበ፣ ተጠጣ፣ ወሬው ተወራ፣ እነሱም ጻፉ። በጎልቦና በዳበል መካከል ያለው ልዩነት፣ የድርጅትዎ ጥናት በማያሻማ ሁኔታ እንዳረጋገጠው፣ ጎማ ነው።

በዚሁ ገጽ መሠረት በየማክሰኞውና በየዓርቡ ለጎልቦ ውኃ ያመላልስ የነበረው ቦቴ በሳምንቱ ወደ ዳበል ተዛወረ። ዳበልን አልመቀኝም፤ እዚያም ተጠምተዋል።

፬ኛውን በቁጥር ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ዋሪቱ የገልገሎ ልጅ ናት። ግመሎቿ እስኪነጥፉ ድረስ በየጠዋቱ ወደ ሱቃችን መደዳ ወተት ታመጣ ነበር፤ ከቀረች አራት ወር ሆኗታል። ባለፈው እሑድ በቦዳቦዳ ሞተር ተሳፍሬ ልጠይቃት ሄድኩ፤ በሯ ላይ ተቀበለችኝ። ሰው ደህና? ናጋ። ልጆች ደህና? ናጋ። ፍየሎች ደህና? ናጋ። ውኃ ደህና? ናጋ። የእርስዎ ጠያቂዎች ቢሆኑ እዚህ ላይ አመስግነው ተነሥተው ነበር። እኔ የሚያስቸኩለኝ ስላልነበረ ተቀመጥኩ። ሻይ አላፈላችም። ከዚያ ቦቴው ከቀረ ጀምሮ ከኩሬ እንደሚቀዱ፣ ኩሬውን ከአህያና ከፍየል ጋር እንደሚጋሩት፣ ትንሹን ልጇን ተቅማጥ ይዞት በአራተኛው ቀን እንደቀበሩት ነገረችኝ። ሁለት ዓመቱ ነበር። ድምፅዋ ሰላምታ ስትሰጠኝ ከነበረው አልተለወጠም።

የቀሩ ሦስት ልጆች አሏት፤ ከዚያው ኩሬ ይጠጣሉ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የማመለክተው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ከዳበል ሳይነጠቅ ለጎልቦ ቦቴ እንዲመለስ፤ ጠያቂዎችዎም ዳግመኛ ሲላኩ መኪናቸው ላይ ያረጀ ጎማ እንዲገጠምላቸው። ሁለተኛው ከድርጅቱ መመሪያ ጋር የሚጋጭ ከሆነ፣ ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ መጠበቅም ይበቃል፤ ሻይ ካልተፈላ ደግሞ እሱ ራሱ መልስ ነው። ከላይ «እኛ ደህና ነን» ማለቴንም አደራዎን በክብ ውስጥ እንዳያስገቡብኝ፤ ሰላምታ ነው።

ዘንጎችዎ ከጣሪያ በታች እንዳይወርዱ፣ ክቦችዎም እንዳይጎድሉ በመመኘት፣ ለቀለም ያለኝ አክብሮት ግን ከዛሬ ጀምሮ በእጅጉ የቀነሰብኝ ታዛዥዎ፣

ገብረመድኅን፣ ከኅትመት ቤቱ

ግልባጭ፦
ለሱቄ በር፤
ለወይዘሮ ዘርፌ ሆቴል የማስታወቂያ ሰሌዳ፤
ባለቤቱ ላልታወቀው ግመል።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሪፖርቱን ወደ ማተሚያው ከመልቀቄ በፊት የቢሮዎ ጸሐፊ ፋናዬ ደውላልኝ ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ አካባቢውን ያውቁታል፤ ገጽ አሥራ አንድ እንዴት ነው?» አለችኝ። ዋሪቱ ወተት ማምጣት ካቆመች ያኔ ሁለት ወር አልፏት ነበር። ገጹን አየሁት። «ያምራል» አልኳት።