እማዬ ምላሷን አላወጣም አለች

ለንደን፣ ሐሙስ ግንቦት 10 ቀን 1970 ዓ.ም.

ሂትሮው አየር ማረፊያ ያለውን የሥራ ሺፍቴን ቀይሬ እማዬን የነርቭ ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኳት። ስትሮክ ከመታት ወዲህ የፊቷ ቀኝ ጎን ወርዶ ስለቀረ አፏን በነጠላ ሸፍና ነው የምትውለው። ፕሮፌሰሩ ጸጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ ሽማግሌ ናቸው። ነርሷ እንደነገረችኝ፣ ሌሎቹ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን በሽተኛ "ይተኛ" ሲሉ፣ ከአልጋ አስነስቶ ማለማመድን የጀመሩት እሳቸው ናቸው።

ፈገግ እንድትል ሲጠይቋት ግራው ብቻ ተንቀሳቀሰ። ቀጥለው ምላሷ ወደ ጎን ይጣመም እንደሆነ ለማየት እንድታወጣው ጠየቋት። ተረጎምኩላት።

"አላወጣም" አለች።

"እማዬ፣ ለምርመራ እኮ ነው!"

"ቢሆንስ? ሽማግሌ ላይ ምላሴን ላውጣ? በስተርጅና ባለጌ ልታደርጊኝ ነው?"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ነገሩን ሳስረዳቸው ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁና የራሳቸውን ምላስ ጎልጉለው አወጡባት። እማዬ ሳታስበው ሳቀች። ያ የሞተው ቀኝ ጉንጯ አብሮ ተነሣ!

"ሲያዙት እምቢ ያለው ፊት ለሳቅ እሺ አለ" አሉ ፕሮፌሰሩ። "መንገዱ ሁሉ አልተዘጋም ማለት ነው። ተስፋ አለን።"

አብሮ የሰለለውን የቀኝ እጇን ነገር ግን ምንም አላሉኝም። እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩም።

ምሽት ላይ ሆሎዌይ ቤታችን ዜና ስናይ የደርጉ ሊቀመንበር በወታደር ልብሱ ብቅ አለ። እማዬ ነጠላዋን ከአፏ ገለጥ አደረገችና ምላሷን አወጣችበት።

ቀጥ ብሎ ነው የወጣው። ለፕሮፌሰሩ ግን እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው እንጃ።