ውስጠኛው ቀለበት

የካቲት 9 ቀን

ይድረስ ለምወድዎ ለአባባ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ አንድ ነገር በገዛ እጅዎ እንዲጽፉልኝ ለመለመን ነው። ልመናዬን ከመናገሬ በፊት ግን ምክንያቴን በቅደም ተከተል ላስረዳ፤ ነገር ሲዘበራረቅ እንደማይወዱ አውቃለሁ።

ብርሃን እንኳ ስለማያመልጣቸው የጠፈር ጥቁር ጉድጓዶች የጻፍኩት የመመረቂያ ጽሑፌ አልቋል። የሚሽከረከር ጥቁር ጉድጓድ ሁለት አድማሶች፣ ማለትም አንዱ በሌላው ውስጥ ያሉ ድንበሮች፣ እንዳሉት የነገርኩዎ ዕለት፣ ብረት ከሚቀርጹበት የቶርኖ ማሽንዎ አጠገብ ቆመው፣ "ከውጭው ካለፍኩ መመለስ ከሌለ የውስጡ ምን ሊሠራልኝ ነው? አንዴ ገብቻለሁ አይደል?" ብለው ሳቁብኝ። በማግስቱ ግን አንዱ በሌላው ውስጥ የሚቀመጥ ሁለት የነሐስ ቀለበት ቀርጸው ሰጡኝ።

ለጥያቄዎ አሁን መልስ አለኝ። ከውጨኛው አድማስ ደጅ ማንም ባለበት መቆም የማይችልበት ቀጠና አለ፤ ሽክርክሪቱ ይዞት ይዞራል፣ መመለስ ግን ይችላል። ውጨኛውን የተሻገረ አይመለስም። ሩቅ ያለን ሰዎች ሲሻገር አናየውም፤ ምልክቱ እየዘገየና እየደበዘዘ ይደርሰናል፣ እሱም ገና ደጁ ላይ የቆመ ይመስለናል። ውስጠኛው ዘንድ ለሚደርስ ደግሞ፣ ስሌቱ እንደሚለው፣ ከኋላው የቀረው ዓለም የመጪ ዘመኑ ብርሃን ሁሉ ባንድ ቅጽበት ይወርድበታል፤ ገና ያልሆነውን ሁሉ ያያል።

ለሳንባዎ ሕክምና አክስቴ ዘንድ ከሄዱ ወዲህ ደብዳቤዎ በየሳምንቱ ይደርሰኝ ነበር። ከዚያ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ አሁን በየወሩ ሆነ። ጽሑፉ የእርስዎ ነው፤ ቀኑ ግን በሌላ ቀለም፣ በአክስቴ እጅ የተጻፈ ነው። ውስጠኛው ቀለበት ተንከባሎ እንደጠፋብኝ ሦስት ጊዜ ጻፍኩልዎ። እርስዎ ግን ዛሬም "ሁለቱም ቀለበቶች ጠረጴዛሽ ላይ ናቸው አይደል?" ይሉኛል። ባለፈው ወር ደግሞ አራተኛውን ምዕራፍ በመጨረሴ እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። የጨረስኩት ደብዳቤው በደረሰበት ጠዋት ነው፤ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። አካሄዴን ስለሚያውቁ አስቀድመው ገምተው ይሆናል። እኔ ግን ወረቀቱን እንደያዝኩ፣ ከዚያ ሆነው የሚያዩኝ መስሎኝ ዘወር ብዬ በሩን አየሁ።

ሰባት ጊዜ ደወልኩ፤ ጠዋትም፣ ቀትርም፣ አመሻሽም። አክስቴ ሰባቱንም ጊዜ በዚያው ድምፅ፣ "አሁን ገና ሸለብ አድርጎት ነው፣ የኔ እናት፤ ባልቀሰቅሰው ይሻላል" አለችኝ።

እማዬን ጠየቅኋት።

"ደብዳቤው እየመጣልሽ ምን አስጨነቀሽ?" አለችኝና ልብስ ማጠፏን ቀጠለች። ከምታጥፋቸው መካከል እርስዎ ሲሄዱ የለበሱት ግራጫ ሹራብ ነበረ። የማሽን ዘይት ሽታው እንኳ አልለቀቀውም። በማን እጅ እንደተመለሰ አልጠየቅኋትም። የቀረውን አብሬያት አጠፍኩ።

ያሉበት ስፍራ ብርሃን ይሁንልዎ፣ አባባ።

ልመናዬ ይኸው ነው፦ የጽሑፌ የመጀመሪያ ገጽ ባዶ ነው። "ለአባቴ" ልበል፣ ወይስ "ለአባቴ መታሰቢያ"? ሁለት ጊዜ ሳይለኩ ብረት የማይቆርጡ ሰው አሳድገውኛልና ያላረጋገጥኩትን ማተም አልችልም። ከሁለቱ አንዱን፣ የጻፉበትን ቀን ጨምረው፣ በገዛ እጅዎ ይላኩልኝ። እጅዎ የማይችል ከሆነ፣ ይህን ደብዳቤ የከፈተችው አክስቴ ትጻፍልኝ፤ አልቀየማትም። ማተሚያ ቤቱ ገጹን የሚጠብቀኝ እስከ መጋቢት 12 ቀን ብቻ ነው።

ልጅዎ