እሱ የተኛባቸው ፊልሞች

ጥቅምት 6፣ ቅዳሜ

እህቴ መጣች። እንደ ወትሮው ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ቴሌቪዥኑ ሥር ያለችው ትንሽ ኮምፒውተር ለመነሳት ስድስት ደቂቃ ፈጀች፤ በሰዓቴ ይዤ ነው። ባለፈው ወር አምስት ነበር። ፊልሙ ከተጀመረ በኋላም ምስሉ ሁለት ጊዜ ቀጥ አለ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ጀርባዋን መታ መታ አድርጎ "ተነሺ እንጂ፣ አንቺ ሰነፍ!" ይላት ነበር። እኔ ብመታት አትሰማኝም።

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል እህቴ ወደ እኔ ዞረች።

"ሰውየው ወንድሟ ነው እንዴ?"

"ባሏ ነው! ስታዪው ዘጠነኛ ጊዜሽ እኮ ነው!"

"አዎ ለካ… ባሏ ነው።"

ልቧ የት ነው የሚሄደው? ልጅ ሆናም ክፍል ውስጥ እንዲሁ ነበረች። እኔ ፊት ወንበር፣ እሷ መስኮት ሥር።

ጥቅምት 8

ባለሙያ አስጠራሁ። ዱቄት ፋብሪካ ከባለቤቴ ጋር የሠራ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ አሁን ኮምፒውተር ይጠግናል። "እማማ" ይለኛል። የራሱ ጠጉር ጥጥ መስሎ!

"በስንት ዓመት ብበልጥህ ነው እማማ የምትለኝ?"

"በዕድሜ አይደለም፣ በቁጣዎ ነው።"

ክዳኗን ፈትቶ አቧራዋን እፍ አለ።

"ዕድሜዋን ጨርሳለች። ሚሞሪ ብጨምርላት ለጊዜው ትፍጨረጨራለች። የሚሻለው በአዲስ መቀየር ነው።"

"ፊልሞቹስ?"

"ሁሉንም እገለብጥልዎታለሁ። አንድም አይጎድል።"

"ምልክቶቹስ?"

"የምን ምልክት?"

አሳየሁት። ከየፊልሙ ሥዕል ግርጌ ያለችውን ቀይ መስመር። ፊልሙ የቱ ጋ እንደቆመ የምታሳየውን።

"እሷ እንኳን ትጠፋለች። ፕሮግራሙ የጥንት ነው፣ አዲሱ ላይ አይሠራም። ምን ታደርግልዎታለች?"

ምን ብዬ ልንገረው? ላስብበት ብዬ ሸኘሁት።

ጥቅምት 9

ለራሴ ግን ልጻፈው።

ባለቤቴ ዕድሜውን በሌሊት ፈረቃ የጨረሰ ሰው ነው። ጡረታ ወጥቶም ገላው ልማዱን አልተወም፤ ቀን ምቹ ወንበር ካገኘ አለቀ። ፊልሙን የሚመርጠው እሱ፣ ሳያየው የሚያሞግሰው እሱ፣ "ዛሬስ አልተኛም" ብሎ የሚምለው እሱ… ከዚያ አገጩ ደረቱ ላይ ዘፍ። ያን ጊዜ ማቆሚያውን እጫናለሁ። ብቻዬን ማየት ስርቆት ይመስለኝ ነበር።

ሲነቃ፣ "አልተኛሁም። ዓይኔን ነው ያሳረፍኩት።"

"እሺ፣ ሰውየው ምን ሆነ ታዲያ?"

ፊልሙ ውስጥ የሌለ ታሪክ ይፈጥርልኛል። የተገደለውን ያስነሳል፣ ያልተጋቡትን ይድራል። አንዳንዱ ከፊልሙ ይሻል ነበር። የተኛበትን ግን ደግሞ አይከፍትም። "ያስተኛኝ ፊልም ምን ይረባል?"

መቶ አርባ ፊልም አለን። እስከ መጨረሻው ያየው አሥራ አንዱን ብቻ። በሌላው ሁሉ ላይ ያቺ ቀይ መስመር አለች፤ እንቅልፍ የወሰደበት ደቂቃ። ከፍቼ ባያቸው ምልክቷ ከቦታዋ ትንቀሳቀሳለች። ስለዚህ እሱ ከሞተ ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እኔና እህቴ አሥራ አንዱን እያፈራረቅን ነው የምናየው። አንድ ቀን ሰለቸኝ ብላ አታውቅም። "ጥሩ ነው" ትላለች ሁልጊዜ።

ታማኝ እህት።

ጥቅምት 13፣ ቅዳሜ

አልመጣችም። ስልክም አታነሳ። በጎረቤቷ በኩል "ራሴን አሞኛል" ብላ ላከችብኝ።

ጥቅምት 15

ሄድኩ። ሁለት አውቶቡስ። ሬዲዮዋ ከደረጃው ሥር ይሰማል። በሩን ብቀጠቅጥ መልስ የለም… ዞሬ መስኮቷን ስመታ ነው ያየችኝ።

"ራሱን ያመመው ሰው በዚህ ጩኸት?"

"ምን?"

"ሬዲዮው!"

"ኧረ ዝግ አድርጌ ነው የከፈትኩት።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ትንሽ ሣጥን ነበረች፤ የመስሚያ መሣሪያ። ልጇ ከገዛችላት ስድስት ወር ሆኖታል።

"ለምን አታደርጊውም?"

"ያንቺ ሳሎን ውስጥ ሳደርገው ወንበሩም ይጮሃል፣ ብርጭቆውም ይጮሃል፣ የፊልሙ ሰዎች ብቻ ያጉረመርማሉ። ልጄ ቤት የቴሌቪዥኑ ድምፅ በብሉቱዝ ቀጥታ ጆሮዬ ነው የሚገባው። ያንቺዋ አሮጊት ይህን አትችልም፣ እትዬ።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስትሰሚ ነበር ታዲያ?"

"አንቺን አይ ነበር። ስትስቂ እስቃለሁ።"

"ለምን አትነግሪኝም?"

"አንቺን? እንድትቆጪኝ?" ብላ ሳቀች። ከዚያ እጇን ጉልበቷ ላይ አኖረች። "ደከመኝ፣ እትዬ። እንደ ሰነፍ ተማሪ መጠየቅ ደከመኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቱን ብተወውስ?"

ነጠላዬን አነሳሁና ወጣሁ። በመመለሻው አውቶቡስ ወንበር አግኝቼ እንኳ አልተቀመጥኩም። ለተኛ ሰው ፊልም የማቆም ሴት… አጠገቤ ተቀምጣ ለማትሰማዋ አላቆምኩም። አንድ ቀን እንኳ አላቆምኩም።

ጥቅምት 17

መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ መገልበጥ ያቅተኛል? ደብተር አሰመርኩ። የፊልሙ ርዕስ፣ ሰዓት፣ ደቂቃ። ምልክቶቹ ወረቀት ላይ ከተረፉ ኮምፒውተሯ ብትቀየርም ግድ የለኝም።

ጥቅምት 18

ሠላሳ ሦስተኛው ላይ ደረስኩ። አርባ ሁለት ደቂቃ። አንድ ሰዓት ከስምንት። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ (ያን ቀን ሙቀት ነበር)። ንጹሕ ጽሕፈት ነው፤ በማስመሪያ እጃችንን ትመታ የነበረችው መምህራችን ብታየው እንኳ እንከን አታወጣለትም።

መልሼ አነበብኩት… የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት ይመስላል። እሱ የለበትም። እሱን የማየው "ዓይኔን ነው ያሳረፍኩት" ሲለኝ ነው፤ ያ ቃሉ ደግሞ መቼ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር?

ሠላሳ አራተኛውን አልጻፍኩትም።

ጥቅምት 20፣ ቅዳሜ

እህቴ አልመጣችም። ባለሙያው መጣ። "ቀይራት" አልኩት። በተራው እሱ "ምልክቶቹስ?" አለኝ። "ሥራህን ሥራ" አልኩት።

ሲነቅላት ግን ማድቤት ገባሁ። የታጠበ ብርጭቆ መልሼ አጠብኩ።

ጥቅምት 27፣ ቅዳሜ

በእህቴ ልጅ በኩል መልእክት ልኬ ነበር፦ "አዲስ ተገዝቷል፤ መሣሪያሽን አድርገሽ ነይ፤ ትእዛዝ ነው።" መጣች። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ! አረፈደች፤ አልተናገርኳትም።

አዲሱ ከሳሙና አይበልጥም። ሳልቀመጥ በራ። ባለሙያው ያሳየኝን አንድ በአንድ ተከትዬ ድምፁን ከጆሮዋ ጋር አገናኘሁ። ብድግ አለች።

"ቀንሺው፣ እትዬ! ጆሮዬ ውስጥ ገብተው ነው እንዴ የሚያወሩት?"

ፊልሙን እሷ መረጠች። ከአሥራ አንዱ አይደለም። ዳቦ ቤት ያላት ሴት ከአንድ ባቡር ነጂ ጋር የምትተዋወቅበት። ሃያ ስድስተኛው ደቂቃ ሲደርስ… ደብተሬ ላይ ስለነበረ አውቀዋለሁ… ጣቴ ራሱ ሄዶ ማቆሚያው ላይ አረፈ። የባለቤቴን ባዶ ወንበር አየሁት። አልተጫንኩም። ሴትየዋ በሩን ከፍታ ወጣች፣ መንገድ ተሻገረች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ለእኔም አዲስ ነበር።

"ዝናብ አለ እንዴ?" አለች እህቴ በሹክሹክታ።

"አለ።"

"ሰማሁት።"

ሲያልቅ "ጥሩ ነው" የምትል መስሎኝ ጠበቅኩ።

"አይረባም" አለች።

"ምኑ?"

"ሴትየዋ! የአባቷን ዳቦ ቤት ሸጣ ለዚያ ውሸታም?"

"ወዷት እኮ ነው!"

"ምን ይወዳታል! ስሟን ሲጠራ ድምፁን አልሰማሽም?"

እኔን። አልሰማሽም አለችኝ፣ እኔን!

እስከ ፌርማታው እየተከራከርን ሄድን። ሰው ዞር እያለ ያየናል። አውቶቡሱ መጣ፤ ወጣች፣ መስኮት ከፈተች፣ አንገቷን አውጥታ "ውሸታም ነው!" ብላ ጮኸችብኝ። መኪናው ተንቀሳቀሰ።

ሰባ ዓመት አውቃት የለ? ስለ ፊልም የራሷ ሐሳብ እንዳላት የሰማሁት ዛሬ ነው።

ተሳስታለች። ሰውየው ወዷታል።