ከግሪምስቢ እስከ ላስ ቬጋስ፦ ስለ ደራሲ ፊያሜታ ተክለማርያም ሕልፈት

ለማኅበራችን አባላት፣ ለቅዳሜ የጽሕፈት ክፍል ተማሪዎችና ወላጆች፣ እንዲሁም በላስ ቬጋስና በአካባቢው ለሚኖረው ወገናችን በሙሉ፦

እንግሊዛዊት የልብ ወለድ ጸሐፊና የማኅበራችን አባል የነበሩት ደራሲ ፊያሜታ ተክለማርያም፣ ባደረባቸው የደም ካንሰር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በሠላሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። የላስ ቬጋስ የአማርኛ ንባብ ማኅበር ይህን የሚያስታውቀው በጥልቅ ሐዘንና በቁጭት ነው። ገና ብዙ የሚጽፉበት ዕድሜ ላይ ነበሩ።

ደራሲ ፊያሜታ እ.ኤ.አ. በ1987 በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍ በምትገኘው የወደብ ከተማ በግሪምስቢ ተወለዱ። አባታቸው አቶ ተክለማርያም በዓሣ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ፣ እናታቸው ወይዘሮ ሳሮን ደግሞ በአረጋውያን መጦሪያ ይሠሩ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚያቆዩአቸው በጡረታ ላይ የነበሩ አንድ ዓሣ አጥማጅ ጎረቤት ነበሩ። እኚህ ሰው መረብ እየጠገኑ የሚያወሩትን ወሬ ሕፃኗ በዝምታ ታዳምጥ እንደነበር እናታቸው ያስታውሳሉ።

እ.ኤ.አ. በ2009 የሥነ ጽሑፍ ትምህርታቸውን አጠናቀው ወደ ትውልድ ከተማቸው በመመለስ በቤተ መጻሕፍት ሠራተኛነት አገለገሉ። አጫጭር ልብ ወለዶቻቸውም በአነስተኛ መጽሔቶች ላይ መታተም ጀመሩ።

እ.ኤ.አ. በ2013 የመጀመሪያውን ረጅም ልብ ወለዳቸውን ወደ ማገባደዱ ተቃርበው ነበር። ታሪኩ ሚስቱ ስለሞተችበትና ጀልባው ስለተሸጠበት አንድ አዛውንት እንግሊዛዊ ዓሣ አጥማጅ ነው። ረቂቁን ያነበበ የለንደን አሳታሚ ሥራውን ወደደው፤ ነገር ግን ባለታሪኩ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ እንዲሆን ጠየቀ። «እንዲህ ዓይነት ስም ካላት ጸሐፊ አንባቢ የሚጠብቀው ያንን ነው» አላቸው። እርሳቸውም «ሰውዬው ጎረቤታችን ነው፤ ያሳደገኝን ሰው በምን አንጀቴ ነው የምቀይረው?» ብለው ረቂቁን ይዘው ወጡ። ሌሎችም አሳታሚዎች ተመሳሳይ ነገር ስላሏቸው ተስፋ ቆርጠው፣ የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ሳይጽፉ መጽሐፉን ተዉት።

እ.ኤ.አ. በ2014 አክስታቸው ወይዘሮ ኤልፍነሽ የዳሌ ቀዶ ሕክምና ስላደረጉ እርሳቸውን ለማስታመም ወደ ላስ ቬጋስ መጡ። ወይዘሮ ኤልፍነሽ በስደት ወደዚህ አገር ከገቡ ጀምሮ ታላላቆቹ ሆቴሎች በተደረደሩበት በስትሪፕ ጎዳና በአንድ ሆቴል ክፍል በማጽዳት የሚሠሩ፣ ማኅበራችንን ከመሠረቱት አንዷ ናቸው። ደራሲ ፊያሜታ ለጥቂት ጊዜ ብለው መጥተው በዚያው ቀሩ። በቻይናታውን በአንድ ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት ሲሠሩ ብዙዎቻችን ሾርባ አቅርበውልናል፤ ጸሐፊ መሆናቸውን ግን የሚያውቅ አልነበረም። ምስጢሩን ያወጡባቸው አክስታቸው ናቸው። «ይቺ ልጅ እኮ መጽሐፍ ጽፋ ደብቃዋለች!» አሉ አንድ ቀን በስብሰባችን ላይ።

አክስትየው አልጋ ላይ ሳሉ ማታ ማታ ታሪኩን በአማርኛ ሲያስተርኳቸው ከርመው ነበር። ትረካው ያልተጻፈው ቦታ ላይ ሲደርስ ተቋረጠ። «እና ሰውዬው ምን ሆነ?» ቢሏቸው፣ «አላውቅም፤ ትቼዋለሁ» ብለው መለሱ። ወይዘሮ ኤልፍነሽም ተቆጥተው «እንዴት ሰው ባሕር ዳር አቁመሽ ትሄጃለሽ? በይ ጨርሺው!» አሏቸው። ቀሪዎቹ ምዕራፎች የተጻፉት በዚሁ ከተማ፣ ከሺፍት መልስ፣ በማኅበራችን የንባብ ክፍል ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ልብ ወለዱ በሰሜን እንግሊዝ በሚገኝ አነስተኛ አሳታሚ አማካይነት፣ ባለታሪኩ ሳይቀየር ታትሞ ወጣ። ደራሲዋ ግሪምስቢ ድረስ ሄደው በቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ሲያነቡ አዳራሹ በዓሣ አጥማጆች ሞልቶ ነበር። ያሳደጓቸው ጎረቤት ግን ከዚያ አንድ ዓመት በፊት አርፈው ነበር። ያቺ አንድ ዓመት እስከ መጨረሻው ታንገበግባቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ እዚህ ለተወለዱ ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ የጽሕፈት ትምህርት ሰጥተዋል። «ሰው ከእናንተ የሚጠብቀውን ተዉት፤ ደጋግማችሁ ያያችሁትን ጻፉ» ይሏቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2022 መጽሐፉ ወደ አማርኛ እንዲመለስ ማኅበሩ ወሰነ። ሥራውን የተረከቡት በዳውንታውን የሆቴል ጥበቃ የሆኑት አባላችን አቶ ግዛቸው ናቸው። ለመረብና ለማዕበል ዓይነቶች ቃል ሲፈለግ ተርጓሚውና ደራሲዋ ብዙ ተከራክረዋል፤ ብዙም ስቀዋል። ሥራው በኦቨርታይምና በበዓላት ምክንያት ሲጓተት ሁላችንም «ጊዜ አለ» እንል ነበር። ጊዜ አልነበረም። ትርጉሙ ያለቀው ደራሲዋ ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ነው፤ ወይዘሮ ኤልፍነሽም ሳይታተም አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው ያነቡላቸው ጀመር። «ቀስ በይ አክስቴ፤ ደስ እያለኝ ነው» ይሏቸው ነበር። ንባቡ መጽሐፉ አጋማሽ ላይ ሳይደርስ ደራሲ ፊያሜታ ዐረፉ።

ወላጆቻቸው አስከሬኑን ወደ ግሪምስቢ ለመውሰድ ተዘጋጅተው መጥተው ነበር። ሆኖም በልቅሶ ቤቱ የልጃቸው የምግብ ቤት ባልደረቦች፣ ተማሪዎቻቸውና አባሎቻችን እየተነሡ ስለ ልጃቸው ጨዋታና ክርክር ሲናገሩ ሰሙ። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ሳሮን ሐሳባቸውን ለወጡ። «እኛ የምናውቃት ዝምተኛ ልጅ ነበረች። አፏን የፈታችው እዚህ ነው፤ እዚሁ ትቅር» አሉ። አቶ ተክለማርያምም ተስማሙ። ሥርዓተ ቀብሩ በዚሁ ከተማ ተፈጽሟል።

ማኅበራችን ለወይዘሮ ኤልፍነሽ፣ ለአቶ ተክለማርያም፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለተማሪዎቻቸው መጽናናትን ይመኛል። ልጃቸውን ለእኛ አደራ ሰጥተው ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ለተመለሱት ለወይዘሮ ሳሮን ደግሞ፣ መቃብሯን የሚጠይቅ ሰው እንደማይጠፋ ቃል እንገባለን።

የላስ ቬጋስ የአማርኛ ንባብ ማኅበር የሥራ አመራር ኮሚቴ